የዓሣ ነባሪ አጥንትና የ400 ዓመት ስህተት፦ የ16 ሳምንት የሥራ ማስታወሻ

ሳምንት 1

ሥራው ሰኞ ተጀመረ። የተረከብኩት አንድ ካርቶን አጥንትና አንድ የኤክሴል ፋይል ነው። ካርቶኑ ውስጥ ዘጠኝ ቁራጭ አለ፤ ሁሉም የባውሄድ ዓሣ ነባሪ ነው። ፋይሉ ከካናዳ አርክቲክ ደሴቶች ለዓመታት የተሰበሰቡ የባሕር አጥቢ እንስሳት አጥንቶች ዝርዝር ነው። የካርበን-14 ዕድሜ (በአጥንቱ ውስጥ በቀረው ራዲዮአክቲቭ ካርበን የተሰላ ዕድሜ)፣ የተገኙበት ቦታ፣ ከባሕር ጠለል ያላቸው ከፍታ ተጽፏል።

የኔ ድርሻ ሁለት ነው። ዘጠኙ አጥንቶች ከብዙ ዓመት በፊት በአሮጌው ዘዴ ተለክተዋል። ኮላጅናቸውን፣ ማለትም የአጥንቱን ፕሮቲን፣ አውጥቼ የካርበን-14 አተሞችን በሚቆጥር ማሽን፣ በአክስለሬተር፣ እንዲለኩ እልካለሁ። ከዚያ ፋይሉን አጽድቼ ዕድሜዎቹን ሁሉ እንደገና ካሊብሬት አድርጌ (ወደ ቀን መቁጠሪያ ዓመት ለውጬ) ካርታ ላይ አስቀምጣለሁ። የማስተርስ ጽሑፌ አንድ ምዕራፍ ይሆናል። በጀቱ ጠባብ ነው። አንድ ናሙና ማስለካት ብቻ 500 የካናዳ ዶላር ገደማ ነው የተባልነው።

ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ዓሣ ነባሪ ከአየር ንብረት ጋር ምን አገናኘው የሚለውን ነው። ባጭሩ እንዲህ ነው። ባውሄድ ዓመቱን ሙሉ በሰሜን ዋልታ ዙሪያ የሚኖር ዓሣ ነባሪ ነው። ጀርባው ላይ ክንፍ የለውም። ቀጭን በረዶ በጭንቅላቱ ሰብሮ ይተነፍሳል። ባሕሩ ጥርቅም ብሎ ከተዘጋ ግን አይገባም። በሰመር በረዶው ወደ ኋላ ሲሸሽ ጠርዙን እየተከተለ ይመገባል። ስቡ ብዙ ስለሆነ ሲሞት ይንሳፈፋል፤ ማዕበል ወደ ዳርቻ ይገፋዋል። ስለዚህ አጥንቱ አንድ ደሴት ላይ ከተገኘ፣ በሞተበት ዘመን ያ ባሕር በሰመር ይከፈት ነበር ማለት ነው።

ሁለተኛው ቁልፍ መሬቱ ነው። በበረዶው ዘመን እነዚያን ደሴቶች ከባድ የበረዶ ግግር ተጭኗቸው ነበር። ግግሩ ሲቀልጥ መሬቱ ቀስ እያለ ወደ ላይ ተነሣ። የጥንቱ ባሕር ዳርቻም አብሮ ወጣ። ዛሬ አንዳንዱ የጠጠር ዳርቻ ከባሕሩ 100 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ይገኛል። እንደ እርከን ነው። ሽቅብ በወጣህ ቁጥር ወደ ድሮ ትሄዳለህ፤ በየእርከኑም አጥንት አለ።

የባሕር በረዶን በሳተላይት ያለማቋረጥ መለካት የተጀመረው በ1970ዎቹ መጨረሻ ነው። (እዚህ የምጽፋቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ይህ የአንድ ሰው ዕድሜ እንኳ አይሞላም። አጥንቶቹ 10,000 ዓመት ይወስዱናል። ይህን ሥራ የወደድኩት ለዚህ ነው።

ፋይሉ ውስጥ ዋልረስና ሲል የሚባሉ ሌሎች የባሕር አጥቢዎችም አሉ። ለጊዜው አወጣኋቸው። ዋልረስ ከባሕር ወለል ቅርፊት ለባሽ እንስሳ ቆፍሮ ስለሚበላ የሚፈልገው ጥልቀት የሌለው ባሕር ነው። ቀለበታማው ሲል ደግሞ ግልገሉን የሚያሳድገው ጠንካራ በረዶ ላይ፣ በበረዶ ብናኝ ውስጥ በተቆፈረ ዋሻ ነው። አንዱ የተከፈተ ባሕር ምስክር ነው፤ ሌላው የረጋ በረዶ። አንድ ላይ ደምሮ "የባሕር እንስሳ በዛ፣ አነሰ" ማለት ምንም አይነግረንም።

ሳምንት 2፦ መቁረጥ

ከእያንዳንዱ አጥንት አንድ ግራም ገደማ ይበቃኛል። መሣሪያዬ ድሬመል የሚባል ትንሽ የእጅ መቁረጫ ከዳይመንድ ዲስክ ጋር ነው። ዲስኩ 28 ዶላር። ማስክ፣ መነጽር፣ ጓንት፣ አቧራ የሚስብ ቱቦ።

የመጀመሪያውን በከፍተኛ ፍጥነት ቆረጥኩት። ወዲያው የተቃጠለ ፀጉር ሸተተኝ። የላቦራቶሪው ቴክኒሻን መጥቶ "የሚሸትሽ ኮላጅኑ ነው" አለኝ። ልክ ነበር። ሙቀት ፕሮቲን ያበላሻል፤ ልንለካው የምንፈልገውም ያንን ፕሮቲን ነው። ያንን ቁራጭ ጣልኩት። ከዚያ በኋላ በዝቅተኛ ፍጥነት አሥር ሰከንድ እየቆረጥኩ፣ እያረፍኩ፣ ዲስኩን በእጄ እየነካሁ ሙቀቱን እያየሁ ሠራሁ። ዘጠኙን ለመጨረስ ሁለት ቀን ተኩል ፈጀ።

የላይኛውን ገጽ ሁለት ሚሊሜትር ያህል መፋቅ ያስፈልጋል። አርክቲክ ውስጥ አጥንት ለአፈሩ ማዳበሪያ ነው። ባዶ ጠጠር መሀል አረንጓዴ ነገር ካየህ ብዙ ጊዜ ሥሩ አጥንት አለ። የዕፅዋቱ ሥር አጥንቱ ውስጥ ይገባል፤ ከገባ ደግሞ ወጣት ካርበን ይዞ ነው የሚገባው። አንደኛው ቁራጭ ላይ ድሮ የተቀባ የሚያብለጨልጭ ሙጫም አገኘሁ። ከሙጫው ርቄ ከውስጥ በኩል ቆረጥኩ።

ሳምንት 3፦ ዘይቱ

የዓሣ ነባሪ አጥንት ዘይት ይይዛል። በተለይ ከታችኛው እርከን የመጡት፣ ማለትም ወጣቶቹ፣ እስካሁን ወረቀት ያቀባሉ። ዘይቱ ካልወጣ የካርበን አይሶቶፑን ንባብ ያዛባል። ስለዚህ በክሎሮፎርምና በሜታኖል፣ 2 ለ 1፣ ማጠብ። ሥራው ሁሉ ትነቱን በሚስብ ሣጥን፣ ፊውም ሁድ ውስጥ ነው።

እዚህ ጋ ትልቅ ስህተት ሠራሁ። የመስታወት ቱቦዎቹን ቁጥር የጻፍኩት "አይለቅም" በተባለ ማርከር ነበር። ፈሳሹ ጠብ ሲልበት ለቀቀ። በማግሥቱ ስመለስ ሦስት ቱቦ ቁጥር የለውም።

ሦስቱን ከፎቶ ጋር አስተያየሁ። ሁለቱን በቅርጻቸው የለየሁ መሰለኝ። ሦስተኛው በተራፊነት ይታወቃል ብዬ ነበር። ማታ ቤት ገብቼ ሳስበው እንቅልፍ አልወስድ አለኝ። "መሰለኝ" ተብሎ ዕድሜ አይለካም። አንድ አጥንት ቦታው ከተቀየረ፣ ከ15 ሜትር እርከን የመጣው ከ60 ሜትር እንደመጣ ተቆጥሮ የውሸት ታሪክ ይሆናል። ጠዋት ሦስቱንም ጣልኩና ከዋናው አጥንት እንደገና ቆረጥኩ። አራት ቀን ጠፋ።

አሁን ቁጥሩ መስታወቱ ላይ በዳይመንድ ብዕር ተጭሯል። በእርሳስ የተጻፈ ወረቀትም ከላይ ታስሯል። ብዕሩ 19 ዶላር ነው። በመጀመሪያው ቀን መግዛት ነበረብኝ።

ሳምንት 4 እና 5፦ አሲድ

አጥንት ማዕድንና ኮላጅን ነው። ማዕድኑ በሃይድሮክሎሪክ አሲድ ይሟሟል፤ ኮላጅኑ ይቀራል። 0.5 ሞላር አሲድ፣ ፍሪጅ ውስጥ፣ በ4 ዲግሪ። አሲዱን በየሁለት ቀኑ መቀየር ነው። ሲጀምር አረፋ ይወጣል። ሲያልቅ አጥንቱ ቅርጹን እንደያዘ ልስልስ ይላል። ብርሃን ያሳልፋል፤ በመስታወት ዘንግ ሲነካ እንደ ላስቲክ ይመለሳል።

ስድስቱ በአንድ ሳምንት ደረሱ። ሁለቱ የጆሮ አጥንት ናቸው። የዓሣ ነባሪ የጆሮ አጥንት እንደ ድንጋይ ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ ማዕድኑ ስለሚበዛ አሲዱ ቶሎ አይበላውም። አሲዱን አጠንክሬ ላፋጥነው ፈለግሁ። ፕሮፌሰሬ ከለከሉኝ። "አሲዱ የሚያሸንፈው ማዕድኑን ብቻ አይደለም፣ ኮላጅኑንም ነው" አሉኝ። ታገሥኩ። 13 ቀን ወሰዱ።

ዘጠነኛው ግን ምንም አልቀረውም። በአምስተኛው ቀን ታች ጥቂት ቡናማ ዝቃጭ ብቻ ነበር። ኮላጅኑ ከብዙ ዘመን በፊት አልቋል። ከከፍተኛው እርከን የመጣው እሱ ነበር፤ ማለትም ምናልባት ትልቁ አዛውንት። በጣም አዘንኩ። ስምንት ቀሩ።

ቀጥሎ ከአፈር የገባውን ጥቁር ቆሻሻ ለማውጣት ለአጭር ጊዜ በቀጭን ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ማጠብ፣ እንደገና ቀላል አሲድ፣ ከዚያ ትንሽ አሲድ ባለው ውሃ ውስጥ በ70 ዲግሪ ማሳደር። ኮላጅኑ ወደ ጄላቲን ይለወጥና ይሟሟል። ቆሻሻው ታች ይቀራል።

ሳምንት 6፦ ፊልተር

ጄላቲኑ 30 ኪሎዳልተን በሚባል አልትራፊልተር በሴንትሪፉጅ ይጣራል። ትልልቁ ሞለኪውል ከላይ ይቀራል፣ የተሰባበረውና የባዕድ ነገሩ ያልፋል። አንዱ ፊልተር 14 ዶላር ገደማ ሲሆን ሁለት ጊዜ መጠቀም አይቻልም።

ማንም ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለ። አዲስ ፊልተር ሲመጣ ሽፋኑ እንዳይደርቅ ግሊሰሪን ተቀብቶ ነው። ግሊሰሪን ካርበን አለው። ሳይታጠብ ከተጠቀሙበት የፋብሪካውን ካርበን ከጥንቱ ጋር ቀላቅሎ መለካት ነው። ይህን አስቀድሜ ስላነበብኩ ፊልተሮቹን በንጹሕ ውሃ በአልትራሳውንድ ደጋግሜ አጠብኩ። መመርመሪያም አዘጋጀሁ። ከ50,000 ዓመት በላይ የሆነ አጥንት በተመሳሳይ መንገድ ከአንድ እስከ መጨረሻ አለፈ። እሱ ውስጥ ካርበን-14 መኖር የለበትም። ካለ፣ ያስገባሁት እኔ ነኝ ማለት ነው።

ካርበን-14 በ5,730 ዓመት በግማሽ ይቀንሳል። ከ50,000 ዓመት ወዲያ የሚለካ ነገር አይተርፍም። ለዚህ ነው ስቫልባርድ በሚባሉት የኖርዌይ አርክቲክ ደሴቶች ላይ በ2004 የተገኘው የዋልታ ድብ መንጋጋ በዚህ መንገድ ያልተለካው። የዚያ ዕድሜ ከ110,000 እስከ 130,000 ዓመት የተገመተው በተቀበረበት ደለል ነው።

ዓርብ ማታ ናሙናዎቹ በቅዝቃዜ ከሚያደርቀው ማሽን፣ ከፍሪዝ ድራየር፣ ወጡ። ነጭ፣ ቀላል፣ ልክ እንደ ባዘቶ። ስምንቱም ከ1 በመቶ በላይ ኮላጅን ሰጡ። የካርበንና የናይትሮጅን ንጽጽራቸውም ከ2.9 እስከ 3.6 ባለው ክልል ውስጥ ገባ። ከዚህ ክልል የወጣ ኮላጅን አይታመንም። ደስ አለኝ።

ሳምንት 7፦ ወረቀት

ናሙናዎቹን ድንበር ተሻግሮ ወዳለ ርካሽ ላቦራቶሪ ልልክ ነበር ሐሳቤ። ባውሄድ ግን በዓለም አቀፉ የእንስሳት ንግድ ስምምነት፣ በሳይቲስ፣ አባሪ አንድ ላይ ያለ እንስሳ ነው። የሺህ ዓመት አጥንቱም ያለ ፈቃድ ድንበር አያልፍም። ፈቃዱ የኔን ጊዜ ይበላዋል። እዚሁ አገር ውስጥ ላለ ላቦራቶሪ ሰጠን። በናሙና 60 ዶላር ያህል ተወደደ። ለሌላ ሰው የምመክረው፣ አሲድ ከመግዛትህ በፊት ፈቃዱን አጣራ። በካናዳ ሰሜናዊ ግዛት በኑናቩት ውስጥ ደግሞ ቅሪተ አካልም ሆነ የጥንት ሰው ዕቃ ያለ ፈቃድ ማንሳት በሕግ ክልክል ነው። ከመሬቱ ከፊሉም የአካባቢው ነባር ሕዝብ የኢኑዊቶች ንብረት ነው።

እማዬ እሑድ ደወለች። የአጥንቱን ነገር ስነግራት "ልጄ፣ ዓሣ ነባሪውን ደግሞ ዳገት ላይ ምን አወጣው?" አለችኝ። ከሁሉም የተሻለ ጥያቄ ነው። መሬቱ እንደተነሣ ነገርኳት። አላመነችኝም። ስለዚህ ወደ ቤታችን ጠጋ ያለውን ነገርኳት። ከኦሞ በታች፣ በኬንያ ቱርካና፣ 17 ሚሊዮን ዓመት ያስቆጠረ የዓሣ ነባሪ ቅሪተ አካል ተገኝቷል። ከሕንድ ውቅያኖስ 740 ኪሎ ሜትር ርቆ፣ 620 ሜትር ከፍታ ላይ። በወንዝ ሽቅብ ገብቶ የሞተ ነው። የምሥራቅ አፍሪካ ምድር መነሣት የጀመረበትን ጊዜ ለመገመት ያገለገለው ያ አጥንት ነው። እዚያ መሬቱን ያነሣው ከሥር የመጣ የጋለ ዓለት ነው፤ እዚህ ከላይ የተነሣው የበረዶ ሸክም። "እንግዲህ አጥንት ካለ ምን ይባላል" አለች።

ሳምንት 8፦ ፋይሉ

ውጤት እስኪመጣ ወደ ኤክሴል ዞርኩ። መሣሪያዎቼ ነፃ የኮምፒውተር ፕሮግራሞች ናቸው፦ ለስሌት አር፣ ለካርታ ኪውጂአይኤስ፣ ለካሊብሬሽን ኦክስካል። ወጪው ጊዜዬ ብቻ ነው።

የመጀመሪያው ካርታ ሲወጣ አንድ ጭነት ነጥብ ሳይቤሪያ ላይ አረፈ። ምዕራብ ኬንትሮስ ላይ የመቀነስ ምልክት የጎደለው ረድፍ ሁሉ ወደ ታይሚር ባሕረ ገብ መሬት ሄዷል። ይህ ቀላሉ ነው። የሚከብደው ዲግሪና ደቂቃ እንደ አሥርዮሽ የተጻፈባቸው ናቸው። 74 ዲግሪ ከ30 ደቂቃ "74.30" ተብሎ ከተጻፈ ነጥቡ በ22 ኪሎ ሜትር ይሸሻል፤ ግን ካርታ ላይ ምንም አያስጠረጥርም። በከፍታ አጣራሁ። ባሕር ላይ ያረፈ ነጥብ ወይም ከተጻፈው ከፍታ ጋር የማይገጥም ነጥብ ሁሉ ምልክት ተደረገበት።

ሳምንት 9፦ ሰው ያመጣው አጥንት

የቱሌ ሰዎች፣ የዛሬዎቹ ኢኑዊቶች አያቶች፣ ዓሣ ነባሪ ያድኑ ነበር። የቤታቸው ጣሪያ ተሸካሚ የዓሣ ነባሪ መንጋጋና የጎድን አጥንት ነው። ስለዚህ ከጥንት ቤት አጠገብ የተገኘ አጥንት ባሕሩ ያመጣው ላይሆን ይችላል። ከድሮ እርከን ላይ አንሥተውትም ሊሆን ይችላል። "ቤት"፣ "ጎጆ"፣ "ሰፈር" የሚል ማስታወሻ ያለበትን ረድፍ ሁሉ ለየሁ። መጣሉ አሳዘነኝ፤ ብዙ ናቸው። ግን የሰውን ታሪክ ከበረዶው ታሪክ ጋር መቀላቀል አይገባም። በሌላ ቀን ለብቻቸው ይጠናሉ።

ሳምንት 10፦ 400 ዓመቱ

ከሁሉም በላይ የደከምኩበት ሳምንት ነው።

የባሕር ውሃ ካርበን ከአየሩ ካርበን ያረጀ ነው። ጥልቁ ውሃ ለረጅም ጊዜ ከአየር ተለይቶ ቆይቶ ይወጣል። በረዶ ሲከድነው ደግሞ ይብሳል። ስለዚህ የጥንት የባሕር እንስሳ በካርበን-14 ሲለካ ከእውነተኛ ዕድሜው በመቶዎች የሚቆጠር ዓመት በልጦ ያረጀ ይመስላል። ይህን ማረም ግድ ነው። እኔም ስክሪፕቱ ሁሉንም ረድፍ እንዲያርም አደረግሁ።

ከዚያ አንድ ነገር አልገጥም አለ። ሶመርሴት ደሴት ላይ፣ አንድ እርከን ላይ፣ አንድ ከፍታ ላይ ያሉ የባሕር ቅርፊቶችና የዓሣ ነባሪ አጥንቶች ዕድሜያቸው ተለያየ። ቅርፊቶቹ በ400 ዓመት ገደማ ወጣት ሆኑ። እንዴት ይሆናል? ባሕሩ አንድ ጊዜ ነው እዚያ የነበረው።

ሁለት ቀን ኮዱን በረበርኩ። ስህተቱ ኮዱ ውስጥ አልነበረም። ከ1990ዎቹ በፊት የነበሩ ብዙ የካናዳ ጂኦሎጂካል ሰርቬይ የቅርፊት ዕድሜዎች በዜሮ ፐርሚል (ፐርሚል ከሺህ አንድ ነው) የካርበን-13 ሚዛን፣ ማለትም እንስሳው ከባዱንና ቀላሉን ካርበን በምን መጠን እንደወሰደ በሚያርም መለኪያ፣ ተስተካክለው ነው የታተሙት። የተለመደው ሚዛን ግን ከዜሮ በታች 25 ፐርሚል ነው። አንድ ፐርሚል 16 ዓመት ያህል ነው። 25 ጊዜ 16፣ 400። የባሕሩ እርማት አስቀድሞ በተዘዋዋሪ ተሠርቶበታል ማለት ነው። እኔ ደግሜ አረምኩት።

አጥንቶቹም የራሳቸው ችግር አላቸው። የባውሄድ ኮላጅን ከዜሮ በታች 15 ፐርሚል አካባቢ ነው። ዕድሜው ሳይስተካከል የተመዘገበ ከሆነ ወደ 150 ዓመት ወጣት ይሆናል። አሁን ፋይሉ ላይ አዲስ ዓምድ አለ፦ "የትኛው ሚዛን?" ያልታወቀ ከሆነ "አይታወቅም" ይባላል እንጂ አይገመትም። ይህ ዓምድ ከሠራሁት ሁሉ ጠቃሚው ይመስለኛል።

ሳምንት 11፦ ቅርፊቶቹም ሌላ ጉድ ነበራቸው

እርማቱ ከተስተካከለ በኋላም ጥቂት ቅርፊቶች አረጁብኝ። ሁሉም ፖርትላንዲያ የምትባል ትንሽ የጭቃ ውስጥ ቅርፊት ናቸው። ይህች እንስሳ የምትበላው ከደለሉ ነው። ደለሉ የኖራ ድንጋይ ብናኝ ካለበት የሚሊዮን ዓመት ካርበን ትወስዳለች። ከውሃው አጣርተው የሚበሉት፣ እንደ ሂያቴላና ማያ ያሉት፣ ይህ ችግር አነስተኛ ነው። ፖርትላንዲያዎቹን በሙሉ አወጣሁ። የእርከኖቹ ቅደም ተከተል ወዲያው ተስተካከለ።

ሳምንት 12 እና 13፦ የአካባቢ እርማት

ለባሕር ነገር የካርበን-14 ዕድሜን ወደ ቀን መቁጠሪያ ዓመት ለመለወጥ አሁን የምንጠቀመው ማሪን20 የሚባለውን ከርቭ ነው፤ በ2020 የወጣ። ከርቩ የዓለም ውቅያኖስ አማካይ ነው። አርክቲክ ደግሞ ከአማካዩ የራሱ ልዩነት አለው፤ ዴልታ አር ይሉታል። ይህ የሚገኘው የተሰበሰበበት ዓመት የሚታወቅ የሙዚየም ናሙና በመለካት ነው። ናሙናው ከ1950ዎቹ የኑክሌር ሙከራ በፊት የሞተ መሆን አለበት፤ ቦምቡ አየሩን በካርበን-14 ስለሞላው።

የኔ ጥፋት የቅርፊት ዴልታ አር ለዓሣ ነባሪ መስጠቴ ነበር። ቅርፊት አንድ ቦታ ተተክሎ ይኖራል። ባውሄድ በሺህ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ይዞራል፤ አጥንቱ ውስጥ ያለው የብዙ ባሕር ድብልቅ ነው። ከ200 ዓመት በላይም ይኖራል። ስለዚህ ከዓሣ ነባሪዎች የተገኘ እርማት፣ ሰፋ ካለ የስህተት ክልል ጋር፣ አስገባሁ። ካርታው ደበዘዘ። ግን እውነተኛ ነው። ማሪን20 በበረዶው ዘመን ለዋልታ አካባቢ አይሆንም፤ የኔ አጥንቶች ከዚያ በኋላ ያሉ በመሆናቸው ተረፍኩ።

ሳምንት 14፦ ካርታው

የካናዳው ጂኦሎጂስት አርተር ዳይክና ባልደረቦቹ በ1996 ወደ 400 በሚጠጉ የባውሄድ ዕድሜዎች ያሳዩት ሥዕል ይህ ነው። በራዲዮካርበን ዓመት፣ ማለትም ገና ካሊብሬት ባልተደረገ የካርበን-14 ዓመት፣ ከ10,500 እስከ 8,500 ባውሄዶች በደሴቶቹ መሀል በሰፊው ይዘዋወሩ ነበር። ከ8,500 እስከ 5,000 መሀሉ ተዘጋባቸው። ከ5,000 እስከ 3,000 ተመልሰው ገቡ። ከዚያ ወዲህ እንደገና ተዘጋ። የኔ ካርታ ዋናውን ቅርጽ ይዞታል። ድንበሮቹ ግን እንደ በር አይዘጉም፤ ይደበዝዛሉ።

እዚህም ልሳሳት ነበር። የ8,500ውን መዘጋት ሳይ ልቤ ዘለለ። ከ8,200 ዓመት በፊት በሰሜን አሜሪካ ከበረዶ ግግር ቅላጭ የተጠራቀመው የአጋሲዝ ሐይቅ ውሃ ወደ ባሕር ፈስሶ ሰሜን አትላንቲክን ያቀዘቀዘበት ክስተት አለ። "ምክንያቱ ተገኘ!" ብዬ አንድ ገጽ ጻፍኩ። ፕሮፌሰሬ ኅዳጉ ላይ "የማን ዓመት?" ብለው መለሱልኝ። 8,500 የራዲዮካርበን ዓመት በቀን መቁጠሪያ 9,500 ገደማ ነው። ባሕሩ የተዘጋው ከሐይቁ መፍሰስ ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ ቀድሞ ነው። ገጹን ሰረዝኩ። አሁን እያንዳንዱ ሥዕል ላይ የዓመቱ ዓይነት ተጽፏል።

አጥንት ያልተገኘበት ቦታ ላይም ጥንቃቄ ያሻል። ከደሴቶቹ በስተምዕራብ፣ በቦፎርት ባሕር በኩል መሬቱ እየሰመጠ ነው። እዚያ የድሮው ዳርቻ ውሃ ውስጥ ነው። አጥንት አለመኖሩ ዓሣ ነባሪ አለመኖሩን አያሳይም። ማንም ያልሄደበት ደሴትም አለ። ካርታው ላይ እነዚህን ቦታዎች በግራጫ ቀባኋቸው።

ከባሕር ወለል ደለል ከሚገኘው አይፒ25 ከሚባል ምልክት ጋርም አስተያየሁት። ይህ በበረዶ ውስጥ የሚኖሩ ደቃቅ አልጌዎች የሚሠሩት ስብ ነው። በየቦታው አልገጠመም። መጀመሪያ ደነገጥኩ። ነገር ግን አልጌው የሚነግረን የስፕሪንግን በረዶ ነው፤ ዓሣ ነባሪው የሰመር መጨረሻን። ሁለቱም እውነት ሊሆኑ ይችላሉ።

"ድሮም ተከፍቶ ከነበረ የዛሬው ምን ያስጨንቃል?" የሚለኝ ሰው አለ። ያኔ ምድር ለፀሐይ የምትቀርበው በሰሜኑ ሰመር ነበር። ከ10,000 ዓመት በፊት የሰሜኑ የሰመር ፀሐይ ከዛሬው በ8 በመቶ ገደማ ትበልጥ ነበር። ይህ ከዚያ ወዲህ እየቀነሰ ነው የመጣው። በፀሐዩ ቢሆን በረዶው ዛሬ መጨመር ነበረበት። እየቀነሰ ያለው እኛ ባቃጠልነው ነዳጅ ነው። አጥንቶቹ የሚያሳዩኝ ይህ ባሕር ለሙቀት ምን ያህል ቶሎ መልስ እንደሚሰጥ ነው።

በ2010 የሆነውን ባነበብኩ ቁጥር እቆማለሁ። የሳተላይት መከታተያ የተደረገላቸው ሁለት ባውሄዶች፣ አንዱ ከአላስካ፣ አንዱ ከምዕራብ ግሪንላንድ፣ በእነዚሁ ደሴቶች መሀል አትላንቲክንና ፓስፊክን በሚያገናኘው የባሕር መንገድ፣ በሰሜን ምዕራብ መተላለፊያ፣ ከሁለት አቅጣጫ ገቡ። በሴፕቴምበር ለአሥር ቀን ያህል አንድ አካባቢ ቆዩ። ሁለቱን ወገኖች መሀል ላይ የሚለያያቸው በረዶ ነበር። ካርታዬ ላይ ከሁሉም ያረጁት አጥንቶችም የሚሉት ይህንኑ ነው፤ የሁለቱ ውቅያኖስ ዓሣ ነባሪዎች እዚያ ይገናኙ ነበር።

ሳምንት 16፦ ውጤት

ውጤቱ ማክሰኞ መጣ። መጀመሪያ ያየሁት መመርመሪያውን ነው፤ ንጹሕ። ፊልተሩ አልበከለም። ከስምንቱ ሰባቱ ከድሮው ልኬት ጋር በስህተት ክልላቸው ውስጥ ገጠሙ። ከእኔ በፊት ያን ሥራ የሠሩት ሰዎች ጠንቃቆች ነበሩ።

ስምንተኛው ከድሮው ቁጥር በ150 ዓመት ገደማ አረጀ። ቁጥሩን ሳይ ገባኝ፤ ግን መተማመን አልፈለግሁም። የድሮውን የምዝገባ ካርድ ስካን አስወጣሁ። የካርበን-13 ሣጥኑ ባዶ ነው። አልተስተካከለም ነበር።

ያን ረድፍ "አይታወቅም" ብዬ የተውኩት እኔው ነኝ። አሁን "ያልተስተካከለ" ሆነ። ፋይሉ ውስጥ "አይታወቅም" የሚል ሌላ 23 ረድፍ አለ። የካርዶቹን ስካን ጠይቄያለሁ፤ ከሰኞ ጀምሮ አንድ በአንድ እያየሁ ነው።